ሰባት ዓመት የዘገዩ ሦስት ደብዳቤዎች

ኋላ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ጠባዬን እኔው ልናገር። ችኩል ነኝ፣ ቁጣዬም ቅርብ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ አሥር ዓመት ሠርቻለሁ። ከፈታኋቸው ችግሮች ግማሹን የፈታሁት ምክንያቱን አውቄ አይደለም፤ ያለውን ሁሉ አራግፌ እንደገና በመጫን ነው። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ነው ያሳደገችኝ። እኔ ከተረቱ የወሰድኩት መልቀሙን ብቻ ነው፤ በመልቀም ማንም አይስተካከለኝም።

ስለዚህ ያንን የኅዳር ሳምንት ሳስታውስ ዛሬም ትንሽ አፍራለሁ። ከማፈሬ ግን መደነቄ ይበልጣል።

ቤታችን ቁስቋም ነው። ሽሮ ሜዳን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው በታክሲ መስኮት ነበር፤ የተሰቀለ ነጠላ፣ የተደረደረ ጋቢ፣ በር ላይ ቆማ የምትጠራ ነጋዴ። ከሱቆቹ ጀርባ ሸማኔ እንዳለ ማንም ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ሄጄ ያየሁት ግን የአክስቴ ልጅ ልታገባ ስትል፣ ነጠላ ላሠራ አንድ ግቢ የገባሁ ዕለት ነው።

በግቢው ውስጥ አሥራ ሁለት ሸማኔዎች በማኅበር ይሠራሉ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር በልጅነታቸው ከጋሞ ደጋ የመጡ፣ ስልሳን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ስገባ አንደኛው ሸማኔ ተቆጥቶ ቆሟል። ከጀመረው ነጠላ ውስጥ አንድ መስመር ተዛብቶበት፣ ምክንያቱ ጠፍቶት፣ ቆርጦ ሊጥለውና እንደ አዲስ ሊጀምር ነው። ጠባዩን ወደድኩት፤ የእኔ ነው። ሽማግሌው እግራቸውን አስገብተው ከሚሸምኑበት ጉድጓድ ወጡና አጠገቡ ተቀመጡ። ምንም አልመከሩትም። ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ጠርዙ ላይ አሳረፉና ድሩን አንድ በአንድ፣ ክር በክር እየዳሰሱ ወደ መሃል ሄዱ። አንዱ ክር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ያንን ክር ይዘው ግቢው ውስጥ እስከ ተዘረጋበት ጫፍ ድረስ ተከተሉት። የተበጠሰው እዚያ፣ ከነጠላው ብዙ ርምጃ ርቆ ነበር። ቋጠሩትና ተመለሱ።

«ስህተቱ የሚታይበት ቦታና ስህተቱ የተሠራበት ቦታ አንድ አይደለም፤» አሉት። «ሁልጊዜ ከጠርዙ ጀምር።»

እኔ ስለ ነጠላዬ ስጠይቅ እሳቸው ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ኮምፒውተር አልኳቸው።

«ደብዳቤ ትችያለሽ?» አሉኝ። ኢሜይል ማለታቸው ነው።

ነገሩን የነገሩኝ ቆመን ነው። ለብዙ ዓመታት ከውጭ አገር የሚመጣውን ትእዛዝ ሁሉ ሲቀበልላቸው የኖረው አንድ ደላላ ነበር። እንግሊዝኛ የሚያውቀው እሱ፣ በእነሱ ስም ኢሜይል የከፈተው እሱ፣ ፓስወርዱን የያዘውም እሱ። ምን እንደተጻፈላቸውና ምን እንደተመለሰላቸው እሱ ከነገራቸው በላይ አያውቁም። ሽማግሌው አሥራ አንዱን ሸማኔዎች አንድ በአንድ አግባብተው፣ ከደላላው ተለይተው፣ ማኅበሩን አቋቋሙ። ደላላው ግን አድራሻውን አልመለሰም። ጭራሽ በስማቸው መጻፉን ቀጠለ።

ከደንበኞቻቸው ሁሉ የሚበልጡባቸው አንዲት ፈረንጅ ናቸው። የመጋረጃና የጠረጴዛ ልብስ ሱቅ አላቸው። ከስድስት ሰባት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ራሳቸው ሽሮ ሜዳ ድረስ መጥተው፣ ከሽማግሌው ጉድጓድ አጠገብ በርጩማ ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጠው ሥራውን ሲያዩ ውለዋል። እኚህ ሴት ሰው ልከው እንዲህ አሉ፦ በእናንተ ስም የሚጽፉልኝ ሁለት ሆነዋል፤ ከእንግዲህ የማምነው ከራሳችሁ አድራሻ የሚመጣውን ብቻ ነው።

«ልጄ፣» አሉኝ ሽማግሌው፣ «ደብዳቤያችን እስከ ዛሬ ሰው ቤት ነበር የሚያድረው። አሁን እኛው ቤት ይደር።»

ለዚህ ሲባል የራስ ሰርቨር፣ ማለትም ደብዳቤ ተቀብሎ የሚልክ ማሽን፣ መትከል እንደማያስፈልግ፣ በቀላሉ ከሌላ ድርጅት ተከራይቶ መጠቀም እንደሚቻል አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ሲጨርሱ «እሱም ሰው ቤት ነው፤» አሉ። ተከራከርኩ፣ ተሸነፍኩ። ስሸነፍ ደስ ብሎኝ የማያውቀው እኔ ያን ቀን ደስ አለኝ።

ማኅበሩ ከአንድ መሥሪያ ቤት በስጦታ ያገኘው ያረጀ ኮምፒውተር ነበረው። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫንኩበት፣ በላዩ ላይ የኢሜይል ሰርቨሩን ተከልኩ። ከእኛ ማሽን የሚወጣ ደብዳቤ በቀጥታ ዓለምን አይዞርም፤ መሃል ላይ ተቀብሎ የሚያሻግር ድርጅት አለ፣ ከእሱም ጋር አገናኘሁት። ወደ ማታው ላይ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለራሴ ላክሁ፤ ስልኬ ጮኸ። ሽማግሌው ስልኬን ተቀብለው የማኅበሩን ስም ፊደል በፊደል በጣታቸው ተከተሉት። የላኪው አድራሻ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ማንበብ አይችሉም። ቢሆንም ረጅም ጊዜ ያዙት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ሆዱ ውስጥ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለችው፤ መብራት ሲጠፋ ቀንና ሰዓት የምትጠብቅለት እሷ ናት። የዚህኛው ባትሪ ሞታለች፤ ቅዳሜ ዕለት ቀኑን እኔው በእጄ አስገብቼ ነው የሠራሁት። እንደማንኛውም የሰዓት ባትሪ ገዝቼ መቀየር እችል ነበር። እሱ እንኳ ቢቀር፣ ማሽኑ ቀኑን ራሱ ከኢንተርኔት እንዲያመጣ ማድረግ ሁለት መስመር መጻፍ ብቻ ነው። ሁለቱንም «በኋላ» አልኩ። ከዚያ የማኅበሩን ጸሐፊ ጠራኋት።

ጸሐፊዋ ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት። ዕድሜዋን ጥጥ ስትፈትል ኖራ፣ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ኮምፒውተርና እንግሊዝኛ በቤተ ክርስቲያናቸው በሚሰጥ ኮርስ የተማረች። ፈትል የያዘ ጣት ኪቦርድ ላይም ሲሄድ አይጣደፍም፤ ስህተትም የለውም። የምትሠራውን ሁሉ አስቀድማ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፤ ለደንበኛ የምትልከውን ደብዳቤ እንኳ መጀመሪያ በእጇ ጽፋ ነው ወደ ማሽኑ የምትገለብጠው።

«መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ይበላሽበታል፤» አልኳት። «ትክክለኛውን ቀንና ሰዓት አስገቢለት።» እንዴት እንደሚገባ አሳየኋት። ወር በቁጥር፣ ቀን፣ ዓመት፣ ሰዓት። ጻፈች። ቦርሳዬን አንስቼ ሄድኩ።

ሰኞ ፈረንጇ፣ በላኩት ሰው በኩል በደረሳቸው አዲስ አድራሻ ጻፉ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፦ ይህን ያህል ስፋት፣ ይህን የመሰለ ጥለት፣ እስከ ፋሲካ ልታደርሱልኝ ትችላላችሁ ወይ? ጸሐፊዋ የዚያኑ ዕለት መለሰች፦ እንችላለን። ማክሰኞ የጥለቱን አሠራር ዘርዝራ ሁለተኛ ጻፈች። ረቡዕ ሦስተኛ። ሸማኔዎቹ ድሩን ዘርግተው ጨርሰዋል፤ በአሥራ ሁለቱም ሽመና ላይ ሌላ ሥራ የለም። ረቡዕ ወደ ማታ ከሴትዮዋ አጭር ደብዳቤ መጣ። ምንም መልስ አልደረሰኝም፤ እስከ ዓርብ ድረስ ካልሰማሁ ከሌላኛው ጋር እዋዋላለሁ።

ሌላኛው ደላላው ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጸሐፊዋ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ በዋዜማው ከደላላው ጋር ሻይ ሲጠጡ መታየታቸውን የሰማሁት ከእሷ ነው። ትእዛዙ ወደ ደላላው ከሄደ ሸማኔዎቹም ይከተሉታል። ሽማግሌው ያን ሁሉ ሰው ያግባቡበት ቃል አንድ ነበር፤ የራሳችን በር ይኑረን። በሩን ደግሞ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ደብዳቤ እየገባ ነው፤ የሚወጣው ግን ሁሉም ማሽኑ ውስጥ ተራ ይዞ ቆሟል። ማሽኑ የሠራውን በየደቂቃው የሚጽፍበት ሎግ የሚባል መዝገብ አለው፤ ከፈትኩት። ዓይኔ እንደ ልማዱ ወደ መስመሩ መጨረሻ ሮጠ። ሰርተፊኬቱ ገና አልጸናም ይላል።

በቃ፣ አገኘሁት አልኩ። ሰርተፊኬት የሚያሳየን ደብዳቤያችንን የሚያሻግረው ድርጅት ነው፤ ገና ያልጸና ሰርተፊኬት ለጥፈው ቁጭ ብለዋል ማለት ነው። ደወልኩላቸው፤ ጸሐፊዋና ሽማግሌው እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ወደ ውጭ ለቀቅሁት። ያነጋገረኝ ሰው ትሑት ነበር። ሰርተፊኬታቸው ከጀመረ ወራት እንዳለፉት፣ የሌላው ሰው ሁሉ ደብዳቤ ያለ ችግር እያለፈ እንደሆነ ነገረኝ። ያልኩትን እዚህ አልደግመውም። ከዘጋሁት በኋላ የኢሜይል ሰርቨሩን አራግፌ ከፍላሽ እንደገና ጫንኩት። ያው ነው። አሁንም አራግፌ ጫንኩት። ያው ነው። እየመሸ ሲሄድ ላፕቶፔን ዘግቼ ማንንም ሳልሰናበት ወጣሁ።

ዓርብ በጠዋቱ ስደርስ ሽማግሌው በርጩማቸውን ይዘው ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁኝ። የሽመናቸው ድምፅ አልነበረም። በሕይወታቸው ያለ ሕመም በሥራ ቀን ሽመና አቁመው የተቀመጡበት ቀን ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ ብዙ አይመስለኝም።

እንደገና አራግፌ ልጭነው እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ትናንት ስንት ጊዜ ጫንሽው?»

«ሁለት።»

«ተዪው እንግዲህ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። እዚያ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?»

«ሎግ ነው ጋሼ። ማሽኑ ያደረገውን የሚጽፍበት።»

«አንብቢልኝ።»

«እንግሊዝኛ ነው እኮ።»

«ታዲያ በአማርኛ አንብቢዋ።»

ሐቁን ለመናገር ተናድጄ ነበር። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ እኔ ደግሞ ለሽማግሌ ሎግ እየተረጎምኩ ነው። ግን እሳቸውን እምቢ ማለት የሚችል አፍ አልነበረኝም። በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩ።

«ከድርጅቱ ጋር ተገናኘሁ ይላል። ሰርተፊኬታቸውን አሳዩኝ። ሰርተፊኬቱ ገና አልጸናም። አልቀበልም። ደብዳቤውን መልሼ አስቀምጫለሁ።»

«ማነው አልቀበልም ያለው?»

«እነሱ...» ብዬ ጀመርኩና መስመሩን እንደገና አየሁት። መዝገቡ የማሽናችን ነው። የሚናገረው ማሽናችን ነው። «እ... ማለቴ፣ የእኛው።»

«እነሱ በራቸውን ከፍተዋል። አንገባም ያልነው እኛ ነን።»

«አዎ።»

«ትናንት ያንን ሰው በከንቱ ተቆጣሽው።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ የተዛባ ክር እንዳገኘ ሰው ነው ያሉት። እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ።

«ይሄ ሰርተፊኬት የምትይው ምንድን ነው?»

«መታወቂያ በሉት። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል አለበት። ገና አልጸናም ማለት የሚጀምርበት ቀን አልደረሰም ማለት ነው።»

«ሰውየው ግን ከጀመረ ወራት አልፎታል አለሽ። ለሌላው ሁሉ ደርሶ ለእኛ ለብቻችን ያልደረሰው ምን ዓይነት ቀን ነው?» መልስ አልጠበቁም። «ከጠርዙ አንብቢ።»

«አነበብኩልዎት እኮ።»

«አላነበብሽም። ዓይኔ እንግሊዝኛውን ባያውቀውም ጣትሽን አይቷል። ከመሃል ነው የጀመርሽው። በግራ በኩል የዘለልሽው አለ።»

የዘለልኩት ቀኑንና ሰዓቱን ነው። በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ላይ አለ፤ አሥር ዓመት ሙሉ ሳልፈው ኖሬአለሁ። «እሱ ምንም አይደለም፣ ቀኑ ነው፤» አልኳቸው።

«አንብቢዋ።»

«ማርች አሥራ ሁለት። አራት ሰዓት ከሃያ።»

ሽማግሌው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። «ልክ ነው፤» አሉ። «አራት ከሃያ ነው።»

የነቃሁት ያን ጊዜ ነው። ልክ መሆን አልነበረበትም። የኮምፒውተር ሰዓት የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ እኛ አራት ከሃያ ስንል እሱ አሥር ከሃያ ማለት አለበት። ወሩም ማርች አይደለም፤ ኅዳር ነው፣ ፈረንጆቹ ኖቬምበር የሚሉት። ፈጥኜ ማሽኑን ዓመተ ምሕረቱን ጠየቅሁት። ማሽናችን የሚኖረው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነበር።

ቀና ስል ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያናቸውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ። የእኛ ቀን በትልቁ ታትሟል፣ የፈረንጆቹ በየቁጥሩ ጥግ በትንሹ። ኅዳር ሦስተኛ ወራችን ነው። ኅዳር አሥራ ሁለት። ማሽኑ ሦስተኛ ወር ሲባል ማርች ብሎ፣ የእኛን ዓመተ ምሕረትም የፈረንጅ ነው ብሎ ተቀብሏል። ከሰባት ዓመት በፊት ለቆመ ማሽን ደግሞ የዘንድሮው ሰርተፊኬት ገና ያልመጣ ዘመን ወረቀት ነው፤ አልቀበልም ማለቱ ጠንቃቃነቱ ነው።

ጸሐፊዋን ጠራኋት። የጠራሁበትን ድምፅ ዛሬ ብመልሰው ደስ ይለኝ ነበር። ሸማኔዎቹ ሁሉ ቀና አሉ።

«ይሄን ቀን ያስገባሽው አንቺ ነሽ?»

ደብተሯን ይዛ መጣች። መልስ ከመስጠቷ በፊት ከፈተችውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ጽሕፈቷ ንጹሕ ነው። በላይኛው መስመር ላይ የራሴ ቃል ተጽፏል፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ትክክለኛውን ቀንና ሰዓት ማስገባት። ከሥሩ አራት መስመሮች አሉ። ሰኞ መብራት ሄዶ መጣ፣ አስተካክያለሁ። ማክሰኞ ሁለት ጊዜ፣ አስተካክያለሁ። ረቡዕ ጠዋት ከጸሎት ወጥቼ መጥቼ አስተካክያለሁ። ሐሙስ፣ አስተካክያለሁ። በዚያች ሳምንት ያ ማሽን ከእሷ የበለጠ ታማኝ ሰው አላገኘም። የትኛውን ቀን አስገቢ እንዳልኳት ፈለግሁ። ትክክለኛውን ብያለሁ። እሷም ቀና ብላ ግድግዳውን አይታ ትክክለኛውን አስገባች።

«ትክክለኛው ይሄ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ዓይኗ እርጥብ ነበር። «እኔ እኮ የራሳችን ቤት ነው ስትሉ፣ በራሳችን ቀን የሚሄድ መስሎኝ ነው።»

ሽማግሌው ደብተሩን ወደ እኔ ትንሽ ገፋ አደረጉት።

«ክሩ የተበጠሰው እሷ ጋ አይደለም፤» አሉ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። ሸማኔዎቹ ሁሉ የጩኸቴን ያህል ይቅርታዬንም እንዲሰሙት ድምፄን ሳልቀንስ ነው የጠየቅኳት፤ በሕይወቴ ካደረግኳቸው ነገሮች ይቺን እወዳታለሁ። እሷ ግን ቀድሞውኑ ደብተሯን እየገለጠች ነበር።

ቀኑን አስተካከልኩ። ለሳምንት ያሳደርኳቸውን ሁለት መስመሮች ጻፍኩ፤ ማሽኑ ከዚያ ወዲያ ቀኑን ራሱ ያመጣል። ሮጬ ወጥቼ ከመንገድ ዳር ሰዓት ጠጋኝ ባትሪዋን ገዝቼ ተመለስኩ። ሁሉም ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ልቡን ይዞ የከረመው ለዚህ ነው።

ስመለስ አንድ ነገር ታወሰኝ። ተራ የያዙት ሦስት ደብዳቤዎች የተጻፉት ማሽኑ ወደ ኋላ እያለ ነው፤ ከሰባት ዓመት በፊት የነበረ ቀን ተሸክመዋል። ቢደርሱ እንኳ በሴትዮዋ የደብዳቤ ሣጥን ውስጥ ከሰባት ዓመት በፊት ከመጡት መሃል ይሰምጣሉ፣ ዛሬ አያዩዋቸውም። አዲስ መጻፍ አለበት። ለጸሐፊዋ ስነግራት ሦስቱንም ረቂቆች ከደብተሯ አወጣች፣ አንድ አደረገቻቸው፣ ሳትጣደፍ ጻፈች። እኔ ቆሜ እግሬን ስቀያይር እሷ ነጠላ ሰረዝ ታስተካክላለች። ላከችው።

ሎጉን ከፍቼ ከጠርዙ አነበብኩ። «ኖቬምበር ሃያ አንድ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ።»

«ስድስት ከአርባ፤» አሉ ሽማግሌው ሰዓታቸውን አይተው።

«ተገናኘሁ። ሰርተፊኬታቸውን አሳዩኝ፣ ተቀበልኩ። ደብዳቤውን ሰጠሁ። ተቀበሉኝ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና በርጩማውን አንስተው ወደ ጉድጓዳቸው ወረዱ። ወዲያው የሽመናቸው ድምፅ ተሰማ።

እኔ እኚህን ሽማግሌ ያን ቀን ወደድኳቸው። ፊደሉን ሳያውቁ መዝገቡን ያስነበቡኝ፣ ሰው ሳያዋርዱ ጥፋተኛውን ያገኙ ሰው ናቸው። በሥራዬ ከእሳቸው የበለጠ የተማሩ ብዙ አለቆች ነበሩኝ፤ አንዳቸውም «ማነው አልቀበልም ያለው?» ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።

ቅዳሜና እሑድ ከቁስቋም ሆኜ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ከመግባቴ በፊት በግቢው በኩል አለፍኩ። ደብዳቤ መጥቷል፤ ጸሐፊዋ አንብባዋለች፣ ነገር ግን መጨረሻው አልገባኝም ብላ እየጠበቀችኝ ነበር። ሸማኔዎቹ ሥራቸውን አቁመዋል። ሻይ ሲጠጡ የታዩት ሁለቱም አሉ።

ከጠርዙ ጀመርኩ። ቀኑን አነበብኩ፣ ሰዓቱን አነበብኩ፣ ከማን ለማን እንደሆነ አነበብኩ። ከዚያ ወደ ነገሩ ገባሁ። ከራሳችሁ አድራሻ ስለጻፋችሁልኝ ደስ ብሎኛል፤ ትእዛዙ የእናንተ ነው፣ ሥራውን ጀምሩ ይላል። አንዱ ሸማኔ «ጌታ ይመስገን፤» አለ፤ ሌሎቹ የጉድጓዱን አፈር ከጉልበታቸው አራገፉ።

ጸሐፊዋ ያልገባት መጨረሻው ነው። እዚያ ስደርስ እኔም ቆምኩ። ዓርብ ዕለት ስጣደፍ፣ ተራ ይዘው የቆሙትን ሦስት ደብዳቤዎች ከማሽኑ ማውጣት ረስቼ ነበር፤ መንገዱ ሲከፈት እነሱም ተከትለው ወጥተዋል። ሴትዮዋ እንዲህ ይላሉ፦ ደብዳቤያችሁን ለማስቀመጥ ሣጥኔን ስመለከት ከሰባት ዓመት በፊት የጻፋችሁልኝ ሦስት ደብዳቤዎች አገኘሁ። እንዴት ሳላያቸው እንደቀረሁ አላውቅም። ሰባት ዓመት ሙሉ መልስ ሳልሰጣችሁ በመቅረቴ በጣም አፍሬአለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ለሸማኔዎቹ ሳስረዳቸው እነሱም ሳቁ፤ ጸሐፊዋ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሽማግሌው ብቻ አልሳቁም። ጉድጓዳቸው ውስጥ እንዳሉ መወርወሪያቸውን በእጃቸው ያገላብጣሉ።

«ስህተት መሆኑን አሁኑኑ እንጽፍላታለን፤» አልኳቸው፤ የተከፉ መስሎኝ ነው። «በቃ፣ የኮምፒውተሩ ቀን ተበላሽቶ ነው እንላታለን።»

«ጻፉላት፤ ውሸት አይቅር። በከንቱም አትፈር።» መወርወሪያቸውን አስቀመጡ። «ግን ልጄ፣ ሰባት ዓመት መጠበቃችን ውሸት አይደለም። ያኔም ይሄንኑ ጥለት እሠራ ነበር። እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ ስታየው፣ እንችላለን፣ በቀጥታ ለአንቺ እንሥራልሽ ልላት ፈልጌ በማን አፍ ልበላት። ደላላው ነበር የሚናገርልኝ።»

ጸሐፊዋ ሳቋን ትታ ደብተሯን ከፈተች።

«የማሽኑን ነገር ከጻፍሽ በኋላ፣» አሏት ሽማግሌው፣ «እንዲህ ብለሽ ጨርሺው። ከሰባት ዓመት በፊትም ልንጽፍልሽ እንፈልግ ነበር። የምንጽፍበት ቤት አልነበረንም።»

ጸሐፊዋ ከጠርዙ ጀመረች። መጀመሪያ የእኛን ቀን ጻፈች፣ ከጎኑ የፈረንጆቹን፤ ከዚያ ወደ ታች ወርዳ ያሉትን ቃል በቃል አሰፈረች።